ቢላዋ የያዘችው ሴትዮ

ስለ እናትነሽ የምታወሩ ሰዎች፣ እስቲ ቀስ በሉ። እኔ አሰጋሽ ነኝ፤ ከመተማ ማዶ፣ በሱዳኗ ገላባት ላይ፣ ከእሷ የሻይ ራኩባ አጠገብ ፉል እሸጣለሁ። በእሷ ዳስና በእኔ ዳስ መሃል ያለው አንድ የጆንያ ግድግዳ ብቻ ነው። ስታነጥስ «ይማርሽ» የምላት እኔ፣ ስቆጣ «ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ» የምትለኝ እሷ ናት። ታዲያ እዚህ በር ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጥቶ ያለፈ ሁሉ እንደፈለገ ሲያወራላት ደሜ ይፈላል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው፤ ከእኔ ስሙት።

እናትነሽ የጭልጋ ልጅ ናት። ሰሊጥ ለማጨድ ከወንዶች ጋር እኩል ተሰልፋ ወደዚህ ቆላ ስትወርድ ገና ኮረዳ ነበረች። ባሏን እዚሁ አገኘች፣ እዚሁ ቀበረች፤ የካላዛር በሽታ ነው የወሰደባት። ከዚያ ልጇን ይታያልን በጀርባዋ አዝላ ሻይ ማፍላት ጀመረች። ሱዳኖቹ «ሲት ሻይ»፣ የሻይ እመቤት፣ ይሏታል፣ እኛ «እትየ» እንላታለን። ምላሷ አይጣል ነው። አንዱ ጎረምሳ «ስኳር ጨምሪልኝ» ሲላት «ለዚህ ለጎመዘዘ ፊትህ ኩንታል ቢገለበጥበትም አይበቃው» ትለዋለች። ግን ትጨምርለታለች።

ሌላም ሥራ አላት፤ ማንም ሳይሾማት የያዘችው። እዚህ ጠረፍ ላይ የሚሞት የአገራችን ሰው ብዙውን ጊዜ ዘመድ አጠገቡ የለም። ወባው ይጥለዋል፣ እባብ ይነድፈዋል፣ ትራክተር ይገለበጥበታል። እናትነሽ ወሬውን ስትሰማ ከሰሉን አመድ አልብሳ ትነሳለች። መገነዣውን ጨርቅ ታመጣለች፣ ወንዶቹን ታዛለች፣ ከሁሉ በፊት ግን አንገቱን ታያለች። ማተቡ ከጠፋ ከራሷ ነጠላ ክር መዝዛ ትጎነጉንና ታስርለታለች። «ክርስቲያን ያለ ማተቡ አፈር አይገባም» ትላለች። ስንቱ የጎንደር ልጅ በእናትነሽ ነጠላ ክር ተቀብሯል። ያ ነጠላ ዳር ዳሩ ተበልቶ ወንፊት መስሎ ነበር።

አሁን ወደ ሥዕሉ ልምጣ፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባችሁም።

ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የአንድ የድሮ ነጋዴ ቤት ሊፈርስ ሲል ዕቃው ገበያ ወጣ። እናትነሽ ብርጭቆ ልትገዛ ሄዳ፣ መስታወት ያለው ትልቅ የእንጨት ፍሬም ተሸክማ ተመለሰች። ሐሳቧ በውስጡ ያለውን ወረቀት አውጥታ ቅዱስ ሚካኤልን ልታስገባበት ነው። ጀርባው ግን በዛገ ምስማር ተጠርቅሟል። በቢላዋም በምኑም ስትታገለው መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰነጠቀ። እኔም አፌን አልያዝኩም፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አልኳት። ገላመጠችኝና «ኸላስ፣ በቃ፣ እንዳለ ይቆይ» ብላ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው።

ሥዕሉ ቀለም የለውም። ሁሉም ነገር በቀጭን ጥቁር መስመር የተሠራ ነው። መጀመሪያ መዳብ ላይ ተጭሮ፣ ከዚያ ወረቀት ላይ የታተመ የጥንት የፈረንጅ ሥራ ነው ብሎ አንድ መንገደኛ ነግሮናል። ከሥሩ ጽሑፍ ነበረው፤ ምስጥ በልቶታል። የጦር ሜዳ ነው፤ ግን የሚዋጋ ሰው የለበትም፤ ያ ሁሉ አልቋል። የተዘረሩ ሰዎች፣ ሆዱ የተነፋ ፈረስ፣ የተቃጠለ ጎጆ አለ። አንድ ቁስለኛ በክርኑ ተደግፎ ሊነሳ ይሞክራል፤ ፊቱን ሳየው ሁልጊዜ ውሃ የጠማው ይመስለኛል። በግራ በኩል አንዲት ሴትዮ የሞተ ጎረምሳ አጠገብ ተንበርክካለች። አንድ እጇ አንገቱ ሥር ነው፤ በሌላው እጇ ትንሽ ቢላዋ ይዛለች።

የትኛው ጦርነት ነው በሚለው ሻይ ጠጪው ሁሉ ተጣልቷል። አንዱ «ይቺው የእኛዋ መተማ ናት» ይላል፤ ሌላው «ፈረሱን አታየውም እንዴ? የፈረንጅ ፈረስ ነው» ይላል። በሴትዮዋ ላይ ግን ክርክር አልነበረም። ሌባ ናት። የሞተ ሰው ትዘርፋለች። ባንታምላክ የሚባል፣ ከኬላው በር ላይ ለመንገደኛ ሎሪ የሚያፈላልግ፣ የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው አለ፤ «ከአንገቱ ወርቅ እየቆረጠች ነው» ብሎ ፈረደ። እናትነሽም ጠዋት ጠዋት መስታወቱን ስትወለውል ሴትዮዋን ሳትረግም አትውልም። «አንቺ የሬሳ ገፋፊ! እጅሽ ይድረቅ!» ትላታለች፤ ከዚያ ወደ ሻይዋ።

ይታያል እዚሁ ሥዕሉ ሥር አደገ። ረጅም ልጅ፣ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው። ግማሹን በአማርኛ ጀምሮ ግማሹን በዐረብኛ ይጨርሰዋል። እናቱ «አንዱን ያዝ እንጂ!» ስትለው እሺን በዐረብኛ «ማሺ፣ እማ፣ ማሺ» ብሎ ያስቃታል። ሲጎለምስ እዚያው ሱዳን ውስጥ ወደ ስንጃ ከተማ ሄደ፤ ከወንዙ ዳር ካሉት የማንጎ እርሻዎች ባንዱ ሥራ አገኘ። አርብ አርብ ይደውላል። ስልኩን እኔም እየተቀበልኩ ስለ ሚስት እጨቀጭቀው ነበር።

የሱዳኖቹ ጦርነት ስንጃ ሲገባ ስልኩ ዝም አለ።

ያን ክረምት አታንሱብኝ። ሰዉ በሎሪ፣ በትራክተር ጋሪ፣ በእግሩ እየጎረፈ ወደዚህ መጣ። እናትነሽ እያንዳንዱን ሻይ እየቀዳች ትጠይቃለች፤ «ከስንጃ ነህ? ከማንጎው እርሻ በኩል ነሽ? ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለው ሐበሻ አይታችኋል?» ያየ አልተገኘም። እሷ ግን ወገቧ አልጎበጠም፤ ማንቆርቆሪያዋም አልቀዘቀዘም።

አንድ ጠዋት ከሀዋታ በኩል የመጣ የሎሪ ሾፌር ተቀመጠ። ሻይ ቀዳችለት። ሁለቴ ፉት አለና ከኪሱ የተቋጠረ ፌስታል አወጣ። «አንቺ ነሽ የይታያል እናት? ይሄ ከስንጃ ነው» አለ። ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ሻዩን ሳይጨርስ ተነስቶ ሎሪው ላይ ወጣ። «ቆይ እንጂ! ማን ነው የላከው?» ብላ ስትጮህ ሞተሩን አስነስቶ ነበር።

ፌስታሉን እኔ ፊት ፈታችው። የይታያል ማተብ ነው። ጥቁሩን ክር ራሷ ናት የጎነጎነችው፤ ከወይራ የተፈለፈለችውን መስቀል የክርስትና አባቱ ነው የሠራለት። ቋጠሮው እንዳለ አለ፤ አልተፈታም። ክሩ ግን ከወዲያ በኩል በስለት ተቆርጧል።

እጇ ውስጥ ጨበጠችውና በሌላው እጇ የተቀመጡትን ሰዎች ሁሉ ሻይ አዳረሰች።

ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ ገላባት በሙሉ አወቀው። ባንታምላክ እየተጣደፈ መጣ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«እትየ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ልጅሽ በሕይወት አለ።»

«ማን አየው?» አለችው።

«ማየት አያስፈልግም። ማተቡን ቆርጦ ላከልሽ ማለት ሰልሟል ማለት ነው። እዚያ አንዷን አግብቶ ይሆናል። እንዳትጠብቂኝ ማለቱ ነው።»

እናትነሽ ብርጭቆውን ከእጁ ቀማችና ሻዩን መሬት ላይ ደፋችው። «ልጄ ይሙት ይኑር አላውቅም። ማተቡን ግን እሱ አልቆረጠም።»

«ምኑን አወቅሽ?»

«አንተን ጨረቃ ላይ ቢሰቅሉህ አፍህን እንደማትዘጋ አውቃለሁ። ልጄንም እንደዚያው አውቀዋለሁ። መስለም ነውር ሆኖብኝ አይደለም፤ ዙሪያዬን ያሉት እስላም ናቸው፣ ስራብ ያበሉኝ እነሱ ናቸው። ይታያል ቢሰልም ኖሮ መጥቶ እዚች በርጩማ ላይ ተቀምጦ በፊቴ ነበር የሚነግረኝ። ክር ቆርጦ በሾፌር አይልክብኝም። አሁን ተነስ፣ ሂድልኝ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ልቤ ወደ ባንታምላክ ወሬ አጋደለ። ያሳደግሁት ልጅ ነዋ! «ኧረ ይስለም፣ ይሁን፣ ብቻ ይኑር» አልኳት። ዓይኔን ትክ ብላ አይታ ወደ ከሰሏ ዞረች። ሰንበት እስኪያልፍ አላናገረችኝም። በጆንያው ግድግዳ ስታነጥስ «ይማርሽ» ስላት እንኳ ዝም።

ከማዶ ከመተማ የሚመጡት ቄስ ዓለምነው ኬላው ሲከፈት ተሻገሩ። የእኛ ሽማግሌዎች «ፍታት ይደረግለት» ብለው ለመኗቸው። ቄሱ ማተቡን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ አዩት። ደግ ሰው ናቸው፤ ጨንቋቸዋል።

«ልጄ እናትነሽ፣ ፍታት ለሞተ ነው። ሞቱን በዓይኑ ያየ ሰው አለ?»

«የለም፣ አባ።»

«ማተቡ ደግሞ ተቆርጧል። እሱ ራሱ ቆርጦት እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ሌላ ሰው ቆርጦት እንደሆነም ምስክር ያሻል። እንዲያው በግምት እጄን ላነሳ አልችልም።»

እኔ ልናገር ስል በእጇ ዝም አሰኘችኝ። «እውነትዎን ነው፣ አባ። የቆረጠው ሰው እስኪገኝ አላለቅስም። ማንም መጥቶ እንዳያስለቅሰኝ።» ከዚያ ተነስታ ሥዕሉ ጋ ሄደች። «እንደዚች ያለች ሌባ ናት እጇን የሰደደችበት» አለችና ፍሬሙን ገልብጣ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻይ ጠጪው የሚያየው የዛጉትን ምስማሮች ብቻ ሆነ።

እንግዲህ የልጇ ነገር በዚህ ተንጠለጠለ። የቆረጠው ካልተገኘ፣ ይታያል የሞተም ያለም ሳይሆን፣ ፍታትም ለቅሶም ሳይኖረው ሊቀር ነው። ለስንቱ ባዕድ ልጅ ነጠላዋን የጨረሰች ሴት፣ ለራሷ ልጅ አንዲት ፀሎት ልታጣ! እኔ በሷ ምትክ ተናደድኩ፣ አለቀስኩ፣ ፉሌን አሳረርኩ። እሷ ሥራ ላይ ናት። በዚህ በኩል የሚያልፈውን ሾፌር ሁሉ ትይዛለች። «ስማኝ፤ ገዳሪፍም፣ ሀዋታም፣ ቱነይድባ የስደተኛ መጠለያም ስትደርስ ንገርልኝ። ከሐበሻ ልጅ አንገት ክር የቆረጠ ሰው ገላባት እናትነሽ ዘንድ ይምጣ። አልከስም፣ አልራገምም። ሻይ አለው፣ በለው።»

«ኧረ እትየ፣ ሌባ ለአንድ ብርጭቆ ሻይ ብሎ ሊመጣልሽ?» አልኳት፤ ስትታረቀኝ ጊዜ።

«ይመጣል» አለች። ሰሊጡ ዛሬ ይታጨዳል እንደሚል ሰው ነው የተናገረችው።

ክረምቱ ወጣ። ሰሊጡ ደረሰ። ከሎሪ ሎሪ ወሬው ዞረ፤ አንዳንዱ ሾፌር ሲያልፍ «ሌባሽ መጣ ወይ?» እያለ ይቀልድባታል። «በመንገድ ላይ ነው» ትለዋለች።

አንድ ማለዳ ከሎሪ ላይ አንዲት ጠና ያለች ሱዳናዊት ወረደች። የተከናነበችው ቶብ ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ ሄዷል፤ ጫማዋ የወንድ ነው። ሰዉን እየጠየቀች ቀጥ ብላ መጣች። «ኡም ይታያል የትኛዋ ናት?» አለች፤ የይታያል እናት ማለቷ ነው።

«እኔ ነኝ። ተቀመጪ» አለቻት እናትነሽ። ዐረብኛዋ ከሱዳኖቹ አይለይም። የነዕናዕ ቅጠል ጨምራ ሻይ ቀዳችላት፣ በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። እኔ ጭልፋዬን እንደያዝኩ ጆንያውን ገልጬ ገባሁ፤ ማን ያስቀረኛል?

ሴትዮዋ ዙህራ ትባላለች። ቤቷ ከማንጎው እርሻ አጥር ጋር ይያያዛል። ይታያል ውሃ ይቀዳላት ነበር፤ «ኻልቲ» ይላታል፣ አክስቴ ማለቱ ነው። ተኩሱ ሰፈሩ ሲገባ ሰዉ ወደ ወንዙ ሸሸ። ይታያል መሄድ የማይችሉትን ሽማግሌዎች እየደገፈ ያደርስና ይመለስ ነበር።

«ባሌን አድርሶ እኔን ሊወስደኝ ሲመጣ ታጣቂዎቹ በራችን ላይ በጥይት መቱት» አለች። «አልተሠቃየም፣ እኅቴ። ወላሂ፣ አልተሠቃየም። ፊቱን በእጄ አጠብኩት። ቀብረነው ነው የሸሸነው፤ ትልቁ ማንጎ ሥር፣ ጥላ ያለበት ቦታ ነው።»

እናትነሽ ዓይኗን አልነቀለችም። «ክሩንስ?»

ዙህራ ብርጭቆውን አስቀመጠች። «አንድ ቀን ‹ይሄን እናቴ ናት የጎነጎነችው› ብሎ አሳይቶኝ ነበር። ስንቀብረው ትዝ አለኝ። ስልኩን ወስደውታል፣ ኪሱ ባዶ ነው። እኔም እናት ነኝ፤ ‹የዚህ ልጅ እናት ምን ይዛ ታለቅሳለች?› አልኩ። ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ አለኝ። አብረውኝ የሚሸሹት ሰዎች ቶሎ በይ እያሉ ይጮኹብኛል። በሽንኩርት ቢላዬ ቆረጥኩት። ለሾፌሩ ሁሉንም ነግሬው ነበር፣ መሞቱንም።»

«ሾፌሩ አልቻለም» አለች እናትነሽ። «ሻይ ቀድቼለት ነበርና አፉ እምቢ አለው።»

«ከዚያ መጠለያው ውስጥ ወሬሽን ሰማሁ። የእናንተ ሰዎች ነገሩኝ፤ ከነክሩ ነው የሚቀበረው፣ አይቆረጥም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።» ብርጭቆውን ገፋ አደረገችው። «ሐራም ሠራሁ እንዴ?»

እናትነሽን አየኋት። በዚህ ጠረፍ ሰውን ሁሉ ከነማተቡ የቀበረች ሴት ናት፤ የራሷን ልጅ ማተብ የቆረጠችው ደግሞ ፊቷ ተቀምጣለች።

እናትነሽ ማተቡን ከጉያዋ አወጣች። «አፈር ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ምን እይዝ ነበር?» አለች። ከዚያ ዙህራን አንገቷን አቅፋ «ልጄን! ይታያልን! ልጄን!» ብላ ጮኸች። የሰሊጥ ጆንያ የተሸከሙት ሰዎች ሸክማቸውን አወረዱ። እኔም ጭልፋዬን ጥዬ ደረቴን መታሁ። ያን ሁሉ ወራት ያዘለችው ለቅሶ በአንድ ጊዜ ወጣ።

ስትረጋጋ ተነሳች፣ ምሰሶው ጋ ሄደች፣ ፍሬሙን መልሳ አዞረችው። በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ጠረገች። «ይቅር በይኝ፣ እኅቴ» አለች። ለዙህራ መስሎኝ ነበር፤ ለሴትዮዋ ነው፤ ቢላዋ ለያዘችው። እኔም ቀርቤ አየሁ። ያን ሁሉ ዓመት ሳየው የኖርኩት ሥዕል ነው፤ ከጎረምሳው አንገት ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አለች። ክር ትሁን ከሠሪው እጅ ያመለጠች ጭረት አላውቅም። ወርቅ ግን አይደለችም።

ቄስ ዓለምነው የዙህራን ቃል ሰምተው ጊዜ አልወሰዱም። «ምስክር ይሏል እንደዚህ ነው» ብለው ፍታቱን አደረሱ። ለቅሶው ላይ ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ፤ እናትነሽ ማተቡን ወደ ላይ ይዛ ቆመች። ዙህራን ከጎኗ አስቀምጣ እንዲህ አለች፤

ቢላዋ ሲነሳ ሌባ መስሎኝ ነበር፣
ለካስ እናት ኖራ ለናት የምትቸገር።

ባንታምላክ ከኋላ ቆሞ እንደ ሕፃን ሲነፋረቅ አየሁት፤ ደግ አደረገ።

ለቅሶው ሲያበቃ ቄሱ «ማተቡ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይቀበር ይሆን?» አሏት። «አይ፣ አባ» አለች። የተቆረጡትን ጫፎች አገናኝታ ቋጠረችና ከራሷ ማተብ ጋር አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ወደ እኔ ዞረች። «አሰጋሽ፣ ስሞት ሁለቱንም ይዤ ነው የምገባው። ማንም እንዳይነካብኝ፤ የልጄን እኔው አደርስለታለሁ።» እሺ አልኳት።

ዙህራ አሁን እዚሁ ናት። ባሏም ከመጠለያው መጥቶ ከኋላ ያለችው ጎጆ ውስጥ ነው። ሁለቱ ሴቶች አንድ ከሰል ላይ ሁለት ማንቆርቆሪያ ጥደው በስኳር ሲነታረኩ ይውላሉ፤ ዙህራ ታበዛለች፣ እናትነሽ ትቆጣለች። ጠዋት ጠዋት ሥዕሉን የምትወለውለው ዙህራ ሆናለች። የተሰነጠቀችው የመስታወት ጥግ እጇን እንዳትቆርጣት እናትነሽ ፕላስተር ለጥፋባታለች።

በቀደም ለት አንድ መንገደኛ ጎረምሳ ተቀምጦ ሥዕሉን ሲያይ ቆየ። «እትየ፣ ይቺ ሴትዮ ሬሳ ትዘርፋለች እንዴ?» አለ። ባንታምላክ ሊመልስ አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸምኩት።

እናትነሽ እጇን ወደ አንገቷ ልካ ሁለቱን ክሮች ነካች። «አይደለም፣ ልጄ» አለችው። «ለእናቱ ልትወስድላት ነው። ጠጣ፣ ሻይህ ይቀዘቅዛል።»